እምቦሳው ቪላ ውስጥ የት ይታሰር?

የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ስትደውል መስመሩ ይቆራረጣል። ያን ቀን ግን አንዷ ቃል ጥርት ብላ ደረሰችኝ። «ፊላ እያሠራሁ ነው።»

«ምን?» አልኳት።

«ፊላ! እማዬ ግቢ ውስጥ። ብሎኬቱ ተራግፏል።»

እማዬ ግቢ የምትለው፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ ሐይቅ ታልፎ ውጫሌ ሳይደረስ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ዳገቱ ላይ ያለ መንደር ውስጥ ነው። ቪላ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ዐረብኛ «ቭ» የሚባል ድምፅ የለውም። ስለዚህ እዚያ የኖሩ ልጆቻችን ቃሉን «ፊላ» ብለው ነው ይዘውት የሚመጡት። የእኛም ፊደል ቢሆን ቤተኛ አይደለም። «ቨ» ለባዕድ ቃል ተብሎ «በ» ላይ ምልክት ተጨምሮበት የተሠራ ነው። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች እስካሁን «ቢላ ቤት» ይላሉ፤ ስለት የሚቀመጥበት ይመስል።

ያልገባኝ ሌላው ነው። ደሴ ላይ ቪላ የከተማ ሰው ቤት ነው። ደላላው «አሪፍ ቪላ አለኝ» ካለህ፣ የራሱ ግቢ ያለው፣ ሳሎኑ ሰፋ ያለ፣ ከኋላ ሰርቪስ ያለው ቤት ማለቱ ነው። ይሄ ነገር ማሽላ ማሳ መሀል፣ በረት አጠገብ ምን ይሠራል? ቃሉ አድራሻ ተሳስቶ የመጣ መሰለኝ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ መንገድ በጣሊያንኛ ቃል መጨቃጨቅ አዲስ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘና፣ መዘዙ አድዋ ድረስ ተጎተተ። የእኔው ቪላ ከዚያ ጋር ሲተያይ ተራ ነገር ነው።

ሸኽየው ሲገቡ

ቤቱ አለቀ። እሷም መጣች። ምርቃት ተጠራ።

ብሎኬት ግድግዳ፣ ቀይ ቆርቆሮ፣ የኤልቲዜድ መስኮት። ፊት ለፊቱ ላይ አራት ወፋፍራም አምዶች ተገትረዋል፤ የሚሸከሙት ግን ትንሽዬ የበረንዳ ጣራ ነው። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ሆኖ ያብለጨልጫል። በሩ ላይ የኮንጎ ጫማ ተከምሯል። ዕድሜያቸውን በአፈር ወለል ላይ የኖሩ እናቶች፣ ዳጥ ላይ እንዳለ ሰው አንድ አንድ እርምጃ እየቆጠሩ ይገባሉ። በእኛ አገር ደንብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተጠርቷል፤ ለሁለቱም ለየብቻ ታርዷል። ቡናው ተቆልቶ ዕጣኑ መጨስ ጀምሯል።

የመንደሩ ትልቅ ሰው፣ ሁላችንም ሸኽየው የምንላቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። በሩ ላይ ቆም አሉ። እንደ ወጉም፣

«ቤት ለእምቦሳ!» አሉ።

«እምቦሳ እሰሩ!» አልን በአንድ አፍ።

ይሄን ያላለ ሰው የለም። እኔ ራሴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ኬክ ይዤ ብዬዋለሁ። ባለቤቶቹም «እምቦሳ እሰሩ» ብለውኛል። አራተኛ ፎቅ ላይ ጥጃ እንዴት እንደሚወጣ ማናችንም አላሰብንም። አፋችን የለመደው ነገር ነው፤ ይባላል፣ ያልፋል።

ሸኽየው ግን አሰቡት። ከዘራቸውን ሴራሚኩ ላይ ቀጭ ቀጭ አደረጉ። ግራ ቀኙን ቃኙ። ሶፋውን አዩ፣ ቴሌቪዥኑን አዩ።

«እሺ፣ የት ልሰረው?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ግን ጥያቄው ቀልድ ብቻ አልነበረም። በድሮው ቤት መልሱ ግልጽ ነው። ምሰሶው አለ። ወደ ጎን ጋጡ አለ። አዲስ የተወለደ ጥጃ ብርድም ጅብም እንዳያገኘው ከሰው ጋር ነው የሚያድረው። መደቡ ላይ ሰው፣ ቆጡ ላይ ዶሮ፣ ጥግ ላይ እህል የሞላ ጎታ። ቤት ማለት ይሄ ሁሉ አንድ ጣራ ሥር ሲያድር ነው። እዚህ ግን አንድም ነገር የሚታሰርበት የለም።

«ለመሆኑ ይሄ ፊላ የምትሉት ምን ማለት ነው?» አሉ ሸኽየው ቀጥለው። ዐይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ይጽፋል የሚባል ዘመድ ጣጣው ይሄ ነው። «የጣሊያን ቃል ነው» ልል አፌን ስከፍት፣ ረከቦቱ ጋ የተቀመጠችው የአክስቴ ልጅ ቀደመችኝ።

«አባባ፣ ፊላ ማለት ጅዳ ላይ ተንበርክኬ ስወለውለው የኖርኩት ቤት ነው። እዚህ ደግሞ አንቱን የምቀበልበት ነው።»

ሳቁ ቆመ። አክስቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ሸኽየውም የጀመሩትን ጨዋታ ተዉት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። «የሰው ወርቅ አያደምቅም ልጄ። የራስሽ ያድምቅሽ። ቤቱን የበረካ ያድርገው።» አሚን አልን። ከዚያ ዱዓው ረዘመ፣ ቡናው ቀረበ፣ ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ማዳበሪያ ዋጋ ሄደ።

እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። አንዱ ቤትን የሚለካው ውስጡ በሚያድረው ነገር ነው። ሌላዋ ወለሉን በሚወለውለው ሰው። ከሁለቱ ማን ትክክል ነው? ደሴ ስመለስ ቃሉን ራሱን ልጠይቀው ተነሳሁ።

ሮማ ላይም ተጨቃጭቀውበታል

ቃሉ የላቲን ነው። ሮማውያን ራሳቸው «ዊላ» ይሉት ነበር፤ የእነሱ «ቭ» እንደ እኛ «ው» ነበር የሚነበበው። ትርጉሙም ከደላላው ቪላ ጋር አይገናኝም። ቪላ ማለት የእርሻ ቤት ነው። በሬው፣ እህሉ፣ የወይን መጭመቂያው፣ የዘይቱ ማሰሮ፣ ባለቤቱና ሠራተኛው አብረው ያሉበት የገጠር ግቢ። እኔ ማሽላ መሀል ምን ይሠራል ያልኩት ቃል ተወላጅነቱ እዚያው ማሳ መሀል ነው።

ቫሮ የሚባል ሮማዊ ሊቅ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 አካባቢ፣ ስለ ግብርና ጽፏል። የቃሉን ምንጭ «መጫን፣ ማጓጓዝ» ከሚለው ግስ ያመጣዋል። ምርት ተጭኖ የሚገባበት፣ ተጭኖም የሚወጣበት ቤት ነው ይላል። ገበሬዎቹ «ዌላ» እያሉ እንደሚጠሩትም ያስታውሳል። የዛሬ የቋንቋ አጥኚዎች በዚህ አይስማሙም። እነሱ የሚያዛምዱት መንደር ወይም ሰፈር ከሚለው «ዊኩስ» ከተባለ የላቲን ቃልና ቤት ከሚለው የግሪክ «ኦይኮስ» ጋር ነው። ኢኮኖሚ የምንለውም የዚሁ የግሪኩ ቃል ልጅ ነው፤ ቤት ማስተዳደር ማለት ነው። እንግዲህ ቪላና ኢኮኖሚ ዘመዳሞች ናቸው። የቪላ ዋጋ የጠየቀ ሰው ዝምድናው ወዲያው ይገባዋል።

በሳይንስ አጥኚዎቹ ይበልጣሉ። ልቤ ግን ወደ ቫሮ ያደላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን አይደል? ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ማን እንደሚገባበት ስሙ ይነግርሃል፤ ደሃውም ጌታውም። የቫሮ ቪላም እንደዚያ ነው። ምን እንደሚገባበት ስሙ ይናገራል።

አፌን ያስያዘኝ ግን ሌላ ቦታ ላይ ያለው ጨዋታ ነው። ቫሮ ሰዎችን ሰብስቦ ያከራክራል። ቀኑ የምርጫ ቀን ነው፣ ፀሐዩ ከርሯል፣ ሰዎቹ ጥላ ፍለጋ ተቀምጠዋል። አንደኛው ጓደኛውን ይይዘዋል። ያንተ ቤት በሥዕልና በሐውልት ተሞልቷል ይለዋል። የእኔ ላይ ግን የሚታየው የቆፋሪና የእረኛ ሥራ ነው። ያንተ ማሳ የለው፣ በሬ የለው፣ ባዝራ የለው። በቆጡ ላይ ድርቆሽ፣ በጎተራው እህል ገብቶ አያውቅም። ከከተማ ውጭ ስለሆነ ብቻ ቤት ቪላ አይሆንም። ያኛውም እየሳቀ ይመልሳል። እንዲያ ከሆነ አስተምረኝ፤ ባሕሩ ዳር አንድ ቪላ ልገዛ ነው፤ አህያ ከሌለው ቪላ ሳይሆን ተራ ቤት ገዝቼ እንዳልቀር ፈርቻለሁ።

ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። «እሺ፣ የት ልሰረው?» ማለት ይኸው አይደለም? ሸኽየው ቫሮን አላነበቡም። ቫሮንም ማንም እምቦሳ እሰር አላለውም። ጥያቄው ግን አንድ ነው። በሬ የማያድርበት ቤት በምን ሒሳብ የገጠር ቤት ይባላል?

በሬው ሲወጣ

ሮማ ላይ ክርክሩን ያሸነፈው ሥዕል ያበዛው ሰውዬ ነው። ሀብታሞቹ ቪላን የመዝናኛ ቤት አደረጉት። ባሕር ዳር፣ ከገበያና ከፍርድ ቤት ጫጫታ ማምለጫ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቬኒስ አካባቢ የነበረው አርክቴክት ፓላዲዮ ግን ሁለቱን አስታርቋቸዋል። ፊት ለፊቱን እንደ ጥንት መቅደስ በአምድ አስጊጦ፣ ከጣራው ሥር የእህል ማስቀመጫ፣ ከግራና ከቀኝ የእርሻ ዕቃና የምርት ቤት ይሠራ ነበር። የአክስቴ ልጅ አራት አምዶች የሩቅ አያት እዚያ ነው። ጅዳና ዱባይ አለፉና፣ በግንበኛው ስልክ ላይ በፎቶ ደርሰው፣ ዳገታችን ላይ ተተከሉ። እህሉ ግን በመንገድ ተንጠባጥቦ ቀረ።

ወሎ የደረሰው ቃልም በሬው የወጣለት ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴ ሲገባ መንገድና ጋራዥ ብቻ አልሠራም፤ የግንባታውን ቋንቋ ትቶልን ሄደ። ግንበኛው ሲያወራ ስማው። ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ሶሌታ፣ ኮርኒስ፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ምሰሶ፣ ማገር፣ ወጋግራ፣ ምርጊት የሚሉት ከሣር ክዳኑ ጋር አብረው እየወረዱ ነው። ቪላ በዚህ ጓዝ መሀል ያለ ቃል ነው። የከተማ ልብስ ለብሶ ነው የተዋወቅነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ የቤቱ ሳይሆን የሰውየው ዕጣ ነው። ቪላ ላይ የሚኖረው ሠራተኛ «ቪላኑስ» ይባል ነበር፤ ገበሬ ማለት ነው። ቤቱ እየከበረ ሲሄድ ሰውየው ተዋረደ። ዛሬ ጣሊያንኛ ላይ «ቪላኖ» ስድ፣ ሥርዓት የለሽ ሰው ነው። እንግሊዝኛ ጋ ሲደርስ ጭራሽ የፊልም ክፉ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ቁጭ አለ። በፈረንሳይኛ ደግሞ ከቪላ የወጣው «ቪል» ከተማ ማለት ሆነ። ቤቱ ከተማ ገባ፣ ሰውየው ደጅ ቀረ።

ይሄ የነጭ ጣጣ ነው ብዬ ልስቅ ነበር። ከዚያ ባላገር የሚለው ቃል ትዝ አለኝ። ባለ አገር። አገር ያለው። ከዚህ በላይ ክብር ያለው ቃል ከየት ይመጣል? ፒያሳ መሀል ግን ታክሲ ውስጥ አንዱ ሂሳብ ሳይገባው ሲቀር ረዳቱ «አቦ ባላገር አትሁን» ይለዋል። ረዳቱ ራሱ እሑድ እሑድ ኩታበር ወይ ወረኢሉ እናቱን ለመጠየቅ የሚሄድ ልጅ ነው። ይሄን ስድብ ከጣሊያን አልተዋስነውም። ብቻችንን፣ በራሳችን እጅ፣ ያንኑ መንገድ ሄድንበት። በቅርቡ ደግሞ ቃሉ በምግብ ቤት ታፔላ ላይ እየተከበረ ነው። ጥሬ ሥጋና ጠጅ ሲሸጥ ባላገር ያኮራል፤ ባላገሩ ራሱ ቢሮ ሲገባ ግን «እዚያ ጋ ቁም» ይባላል። ይሄኛው ክብር አይጥመኝም።

ሰርቪስ

እስካሁን ለሸኽየው ያደላሁ ይመስላል። አይደለም። የአክስቴን ልጅ «ጥጃ ውስጥ ማሰሩ ይሻል ነበር ወይ?» ብያት ነበር። ዐይኗን አጉረጠረጠችብኝ። «አንተ ደሴ ሻወር ቤት እየታጠብክ አደግክ። እኔ በእምቦሳ ሽንት ላይ ተኝቼ ነው ያደግሁት። ይበቃኛል።» እውነቷን ነው። የእናቷን ዐይን ያጠፋው ያ ጭስ ነው። ቁንጫው፣ ጉንፋኑ፣ ሌሊት ላይ የከብት ትንፋሽ፣ ይሄ ሁሉ የሚጥመው ለጎብኚ ነው።

የእሷን መልስ በደንብ የገባኝ ግን ስለ ሰርቪሱ ስትነግረኝ ነው። ፕላኑ ላይ ከኋላ ሰርቪስ ነበረው። ግንበኛው «ሰርቪስ ከሌለው ቪላ አይባልም» ብሏት ነበር። እሷ አሰረዘችው። ጅዳ ላይ የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነበር። ማሽኑ ሌሊት ከሠራ እሷም አትተኛም። «እኔ ቤት ከኋላ የሚተኛ ሰው የለም» አለችው ግንበኛውን። ክርክሩ በዚህ አለቀ።

ሰርቪስ የሚለው ቃል ሥሩ የላቲን «ሰርዉስ» ነው። ባሪያ ማለት ነው። ይሄን ያወቅሁ ቀን የቪላው ነገር ሌላ መልክ ያዘብኝ። ኮሉሜላ የሚባል፣ በአንደኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የግብርና ጸሐፊ ቪላን በሦስት ይከፍለዋል። አንዱ የጌታው መኖሪያ። ሁለተኛው የሠራተኞቹና የከብቶቹ። ሦስተኛው የምርቱ ማስቀመጫ። ሠራተኞቹ ባሮች ናቸው። የሚቆጣጠራቸው አለቃ፣ «ዊሊኩስ» የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ እሱም ባሪያ ነው። በሰንሰለት የታሰሩት ከመሬት በታች ባለ ክፍል፣ እጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ጠባብ መስኮት ተደርጎላቸው እንዲያድሩ ይመክራል።

ቫሮ የሳላቸው ጓደኛሞች በሬ አለው፣ የለውም ሲባባሉ ስለነዚህ ሰዎች ያነሱት ቆፋሪና እረኛ ብለው ብቻ ነው። ቪላ ምን እንደሆነ ቆፋሪውን የጠየቀው የለም። እኛ ሳሎን ውስጥ ግን ቡና የምትቀዳው መለሰች። ለዚህ ነው ሳቁ የቆመው መሰለኝ። ከበሬው በፊት ወለሉን የሚያጸዳ ሰው አለ፤ እሱ ደግሞ ከኋላ ነው የሚያድረው።

በታኅሣሥ መንደር ወጣሁ። አጨዳው አልቆ ውቂያው ተገባዷል። የድሮው ቤት ለፊላው ቦታ ሲባል ፈርሷል፤ ጎታውም አብሮ። ሰርቪስ የለም። ታዲያ እህሉ የት ይግባ? ማሽላው በአምዶቹ መሀል በረንዳው ላይ ተሰጥቷል፤ ዶሮ እየተባረረች ትመለሳለች። ጤፉ በማዳበሪያ ተሞልቶ፣ ለእንግዳ ተብሎ በተሠራው መኝታ ቤት ውስጥ እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድሯል። አልጋው ተፈታትቶ ግድግዳ ተደግፏል።

አክስቴ ደስ ብሏታል። «አይጥ አይበሳው፣ እርጥበት አይነካው። እንዲህ ያለ ጎታ አይቼ አላውቅም» ትላለች፣ ሴራሚኩን በእግሯ እየነካች። ልጅቷ ግን ተናዳለች። ያን ሁሉ ብር ያወጣችው ለጤፍ ማደሪያ አይደለም።

«ወይኔ! ያንን ሰርቪስ ባሠራው ኖሮ» አለች።

«ምነው?» አለች አክስቴ። «እኔ ቤት ከኋላ የሚተኛ የለም ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ጤፉስ ምን አድርጎሽ?»

ልጅቷ መልስ አጣች። እኔ ሳሎን ተነጠፈልኝ።